ለሎስ አንጀለስ የምግብ ቤት ተቆጣጣሪዎች ምስጋናዬ ይድረስ

ሰላም ወገኖቼ። ዛሬ የማመሰግነው የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የጤና ተቆጣጣሪዎችን ነው። እነዚያን ቀድመው ሳይናገሩ መጥተው፣ ቴርሞሜትር ይዘው ቀጥታ ኩሽና የሚገቡትን ሰዎች።

እዚህ ከተማ ጥሩ የበላ ሰው ባለቤቱን ያመሰግናል፣ አብሳይዋን ያስጠራል፣ ለአስተናጋጁ ቲፕ ይተዋል። ይገባቸዋል። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ግን ቤቱ ሁሉ ይጨነቃል፣ ሲወጣ እፎይ ይባላል፣ በቃ። ማንም አመስግኖት አይቼ አላውቅም።

እኔ መብላት የምወድ ሰው ነኝ። ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣም ይዤ የምዞረው እኔ ነኝ። ማንም ያልጠቆመኝ ቤት እገባለሁ። ሜኑው በማላነበው ቋንቋ የተጻፈበት፣ ባለቤቷ ከእኔ ጋር በእጅ ምልክት የምትግባባበት ቤት እቀመጣለሁ። ሳልሳቀቅ የምበላው እነሱ በር ላይ ባስለጠፉት አንድ ፊደል ምክንያት ነው።

ለአዲስ መጤዎች ላስረዳ። በምግብ ቤቱ መግቢያ አጠገብ ትልቅ ፊደል የተጻፈበት ካርድ ታያላችሁ። ሁሉም ቤት ከ100 ይጀምራል፤ ጥፋት በተገኘ ቁጥር ነጥብ ይቀነሳል። 90 እና ከዚያ በላይ ኤ ነው። ከ80 እስከ 89 ቢ፣ ከ70 እስከ 79 ሲ ይሰጠዋል። ከ70 በታች የወረደ ፊደል አያገኝም፤ ቁጥሩ ራሱ ይለጠፍበታል። ፉድ ትራኮችም ፊደል አላቸው። ነገሩ የተጀመረው በ1998 ነው፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1997 ኅዳር ላይ፣ አንድ የከተማው ቴሌቪዥን ጣቢያ በድብቅ ካሜራ የምግብ ቤት ኩሽናዎችን ቀርጾ አሳየና ሕዝቡ ተቆጣ። ካውንቲውም ፈጥኖ ፊደሉን አመጣ።

ሰዎቹን በቅርብ ያየኋቸው ግን አንዲት እህታችን በምታበስልበት ቤት ነው። የቤቱን ስም አልጠቅስም። ምሳ ልበላ ገብቼ ተቆጣጣሪዋ ኩሽና ውስጥ ነበረች። እህታችን እንግሊዝኛው ስለሚከብዳት እንዳስተረጉም ጠራችኝ። እውነቱን ለመናገር ቁጣ ነበር የጠበቅኩት።

ተቆጣጣሪዋ ቴርሞሜትሯን ፍሪጅ ውስጥ ካለው ትልቅ የወጥ ድስት መሃል ከተተችው። ወጡ ማታ የተሠራ ነው። ዳርና ዳሩ ቀዝቅዟል፣ መሃሉ ግን ገና ለብ ያለ ነው። በሕጉ ትኩስ የሚቀመጥ ምግብ ከ57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መውረድ የለበትም። ቀዝቃዛው ደግሞ ከ5 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። በሁለቱ መካከል ባክቴሪያ ይራባል። ስለዚህ የበሰለው ወጥ በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ 21 ዲግሪ፣ ከዚያ በሚቀጥሉት 4 ሰዓታት ውስጥ ወደ 5 ዲግሪ መውረድ አለበት። የእኛ ወጥ ወፍራም ነው። በትልቅ ድስት እንዳለ ፍሪጅ ከገባ ይህን ፍጥነት አይደርስበትም።

ነጥብ ቀነሰች፤ ሥራዋ ነው። ከዚያ ግን አልሄደችም። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ትሪ አስመጣችና ወጡን እዚያ ላይ ስስ አድርጎ መገልበጥ እንደሚቻል አሳየች። ሌላውን መንገድም ነገረችን። ድስቱን በረዶ የሞላ ገንዳ ውስጥ አስቀምጦ እያማሰሉ ማቀዝቀዝ ይቻላል። ሰዓቱንና ዲግሪውን የሚጽፉበት ወረቀት ግድግዳው ላይ እንዲለጥፉ መከረች። የእንጀራውን ሊጥም ጠየቀች። ከስንት ቀን በፊት ተቦካ፣ በምን ይቦካል፣ እርሾው ከየት ይመጣል፣ እያለች በደንብ አዳመጠች። እህታችን መጀመሪያ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። በኋላ ግን የቡናውን ጀበና እያሳየቻት ነበር። ያ ቤት እስከ ዛሬ ወጥ የሚያቀዘቅዘው በትሪ ነው።

ያን ቀን የገባኝ ነገር አለ። እነዚህ ሰዎች ጠዋት የኢትዮጵያ ኩሽና፣ ከሰዓት የኮሪያ ኩሽና፣ በነጋታው የሜክሲኮዋ ኦአሃካ ኩሽና ይገባሉ። ሁሉንም ምግብ በየዓይነቱ ማወቅ አለባቸው። ሕጉም ከነዋሪው ጋር አብሮ መማር ነበረበት። ቻይናውያን የሚያንጠለጥሉት የተጠበሰ ዳክዬ ጥሩ ምሳሌ ነው። መስኮት ላይ ስለሚንጠለጠል የሙቀት ሕጉን ይጥስ ነበር። ማኅበረሰቡ ተከራከረ፤ ካሊፎርኒያም በ1982 ለዳክዬው የተለየ ሕግ አወጣች። የኮሪያ የሩዝ ኬክም እንዲሁ ነው። ፍሪጅ ከገባ ይደርቃል፤ ከፍሪጅ ውጭ መሸጥ ደግሞ ክልክል ነበር። በ2001 ለአንድ ቀን ውጭ እንዲቆይ ተፈቀደ። እኔ ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ። የሰውን ምግብ ሳያዋርዱ ጤናውን መጠበቅ ይቻላል ማለት ነው።

እንግዲህ ፊደሉን ይዛችሁ የት ትሄዳላችሁ? ብዙዎቻችን ከፌርፋክስ አንወጣም። እዚያ ጎዳና ላይ ያለችው ትንሿ ኢትዮጵያ ሰፈራችን ናት። ከተማው ስሙን በ2002 ሲሰጠን ያለቀሱ ሰዎች አውቃለሁ። ግን ከተማው ሰፊ ነው ወገኖቼ! ከፌርፋክስ ትንሽ ወደ ደቡብ ወረድ ስትሉ የፒኮ ጎዳና አለ። ጆናታን ጎልድ የሚባል የዚህ ከተማ የምግብ ጸሐፊ በወጣትነቱ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በዚያ ጎዳና ላይ ያሉትን ምግብ ቤቶች በሙሉ በልቶ ለመጨረስ ተነስቶ ነበር። በኋላ በ2007 ፑሊትዘር የሚባለውን የጋዜጠኝነት ሽልማት ወሰደ። ለምግብ ቤት ሃያሲ ያ ሽልማት ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። በ2018 አረፈ፤ ነፍሱን ይማር። እሱ ያከበራቸው በየፕላዛው ጥግ፣ በልብስ ማጠቢያና በጥፍር ቤት መካከል ያሉትን ትንንሽ ቤቶች ነው። እኔም የምልካችሁ ወደዚያው ነው።

በባቡር ለሚሄድ ከምሥራቅ ልጀምር። የኢ መስመር ማሪያቺ ፕላዛ ያወርዳችኋል፤ ቦይል ሃይትስ ነው። ታኮ እዚያ ብሉ። አል ፓስቶር የሚባለውን ጠይቁ፤ ሥጋው ቆሞ በሚዞር ብረት ላይ ይጠበሳል። ይህን አጠባበስ ወደ ሜክሲኮ ያመጡት የሊባኖስ ስደተኞች ናቸው። ስለዚህ አዲስ አበባ ሻዋርማ የለመደ ሰው ባዕድ አይሆንበትም። እዚያ ብዙ ምግብ በትራክ ነው የሚሸጠው። ፊደሉን ትራኩ ላይ ፈልጉት፣ ታገኙታላችሁ።

ኮሪያታውን ለማታ ምግብ የሚሆን ሰፈር ነው። ብዙ ቤት እስከ ሌሊት ይከፍታል። ከዋናው ምግብ በፊት በትንንሽ ሳህን ብዙ ዓይነት ይደረደራል፤ ባንቻን ይባላል፣ ሲያልቅ ይጨምሩላችኋል፣ ሂሳብ ውስጥ አይገባም። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ይህን ሲያይ እጅግ ደስ ይለዋል። እኛም ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው፤ ጠረጴዛ ሞልቶ ማየት እንወዳለን።

ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙ ግን ልንገራችሁ፣ እዚያ ተጠንቀቁ። ኪምቺ ብዙ ጊዜ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ መረቅ አለበት። ሱንዱቡ የሚሉት የቶፉ ወጥ የአትክልት ይመስላል። ነገር ግን መረቁ ከሥጋ ወይም ከባሕር እንስሳት ሊሆን ይችላል፣ ላዩ ላይም እንቁላል ይሰበራል። በታይ ታውን፣ በሆሊውድ ጎዳና ላይ፣ የዓሣ መረቅ ያልገባበት ምግብ ማግኘት ይከብዳል። ጠይቁ። አስተናጋጆቹ አይከፋቸውም።

ለጾም ምርጡ ቦታ በእኔ አስተያየት አርቴዥያ ነው፣ ፓዮኒር ጎዳና። ከመሃል ከተማ ይርቃል፣ ግን ሂዱ። የሕንዶች ሰፈር ነው፤ ጭራሽ ሥጋ የማይገባባቸው ቤቶች አሉ። ዶሳ እዘዙ። ከሩዝና ከጥራጥሬ ሊጥ ተቦክቶ በምጣድ የሚጋገር ነው። ኮምጠጥ ይላል። በእጅ ቆርሳችሁ በምስር መረቅ ትበሉታላችሁ። እናቴን ወስጃት ነበር። መጀመሪያ ዝም ብላ አሸተተችው፣ ከዚያ «አቦካኩን ያውቁበታል» አለች። እናቴ እንዲህ በቀላሉ አታመሰግንም። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፤ የተነጠረ ቅቤ እንዳይቀቡት ስታዙ ተናገሩ። እርጎም ከጎን ይዘው ሊመጡ ይችላሉ።

ሌላው የጾም አማራጭ ሳን ጋብሪየል ሸለቆ ነው። ሞንተሬይ ፓርክ፣ አልሃምብራ፣ ሮዝሜድ። የቻይና ምግብ በየክፍለ ሀገሩ ያለው እዚያ ነው። የሲቿን በርበሬ የሚወድ ሰው፣ የካንቶን ዲምሰም የሚወድ ሰው፣ የሻንጋይ መረቅ ያለበት ዳምፕሊንግ የሚወድ ሰው ሁሉም በቫሊ ጎዳና ላይ የሚፈልገውን ያገኛል። ቡድሂስቶች የሚያዘወትሯቸው ከሥጋ ነጻ የሆኑ ቤቶችም አሉ። በፍስክ ቀን ደግሞ ያ ሕግ የወጣለት ዳክዬ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ታዩታላችሁ።

ግሌንዴል የአርመኖች ናት። ከእኛ ጋር እህት ቤተ ክርስቲያን ናቸውና የምታስተናግዳችሁን ሴት የጾም ምግብ እንዳለ ብትጠይቋት ምን እንደምትሉ ወዲያው ይገባት ይሆናል። ዳቦ ቤቶቻቸው ውስጥ ትኩስ ዳቦ ሲወጣ ከደረሳችሁ ሌላ ምንም አትዘዙ።

ስለ ፊደሉ አንድ ነገር ልጨምር። ኤ ማለት ምግቡ ይጣፍጣል ማለት አይደለም። ቢ ያየ ሰውም ወዲያው ፊቱን እንዳያዞር እለምናለሁ። ማኅበረሰባችን ውስጥ ቢ ያለበትን ቤት «ቆሻሻ ነው» ብሎ የሚያወራ አለ። ይህ ትክክል አይደለም። ቢ ያገኘው ወለሉ ስለተሰነጠቀ፣ መብራቱ መሸፈኛ ስለሌለው፣ ወይም ሌሎች ትንንሽ ጥፋቶች ስለተደመሩ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው በረሮ ወይም አይጥ ስለተገኘበት ነጥብ ያጣ ይኖራል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። መለየት ከፈለጋችሁ የተቆጣጣሪውን ሪፖርት እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። ለጠየቀ ደንበኛ ማሳየት ግዴታቸው ነው። በካውንቲው የሕዝብ ጤና ድረ ገጽ ላይም የቤቱን ስም አስገብቶ ማየት ይቻላል። እኔ እንግዳ ከመውሰዴ በፊት ሁልጊዜ አያለሁ። ሙቅ ውኃ የጠፋበት ወይም ተባይ የተንሰራፋበት ቤት ወዲያው እንደሚዘጋም እወቁ። ክፍት ሆኖ ካገኛችሁት እዚያ ደረጃ ላይ አልደረሰም፣ ወይም ጥፋቱን አስተካክሏል ማለት ነው።

ጥሬ ክትፎ ለምትወዱም አንድ ቃል። ያልበሰለ ሥጋ ማቅረብ እዚህ አገር ክልክል አይደለም። ግን ምግብ ቤቱ ያልበሰለ መሆኑን ለበላተኛው ማሳወቅ አለበት። ሜኑው ግርጌ ላይ ያለችው ትንሽ ጽሑፍ ለዚያ ነው። ነፍሰ ጡር እህት አብራችሁ ካለች ለብለብ እንኳን አይበቃም፣ በደንብ ይብሰልላት።

የእነዚህ ተቆጣጣሪዎች ሥራ የማይደርስባቸው ቦታዎችም አሉ። ሎንግ ቢችና ፓሳዴና የራሳቸው የጤና መሥሪያ ቤት አላቸው። የቬትናም ምግብ ፈልጋችሁ ዌስትሚንስተር ወደሚገኘው ትንሹ ሳይጎን ከወረዳችሁ ደግሞ ኦሬንጅ ካውንቲ ገብታችኋል፤ ቁጥጥሩ የሌላ ካውንቲ ነው። እዚያ ስትሄዱ የአካባቢውን ድረ ገጽ ተመልከቱ። ፎ የሚባለውን የኑድል ሾርባ ግን አትለፉት።

ለመኪና አልባዎች፦ የሜትሮ ባቡርና አውቶቡስ ሂሳብ 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው፣ ታፕ በሚባለው የጉዞ ካርድ ከከፈላችሁ ለሁለት ሰዓት መቀያየር ይቻላል። በቀን ከ5 ዶላር በላይ አይቆርጥባችሁም። በዚህ ገንዘብ ጠዋት ቦይል ሃይትስ፣ ማታ ኮሪያታውን መብላት ይቻላል።

ምግብ ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ እንደ ፖሊስ አትዩት። ያልገባችሁን ጠይቁት፣ ድስቱንም ክፈቱለት። በደንብ ላስተማራችሁ ሰው ደግሞ ለመሥሪያ ቤቱ አንድ የምስጋና ደብዳቤ ጻፉለት። ስሙን የት አገኛለሁ እንዳትሉ፤ ሪፖርቱ ላይ አለ።