ዱባይ መኪና ተከራይታችሁ ከሆነ፣ ስለ ሳሊክ ክፍያ

ከደሴም ከኮምቦልቻም እህት ወንድሙን ሊጠይቅ ኤምሬትስ ብቅ የሚለው ሰው ብዙ ነው። ለእሱ ይጠቅማል ብዬ የዱባይን የመንገድ ክፍያ፣ ሳሊክን፣ እንዳየሁት ልጻፍ። እኛ ያረፍነው ዱባይ አጠገብ ባለችው ሻርጃ፣ እህቴ ቤት ነበር። ልጆች ይዘን በታክሲ አይሆንም ብለን መኪና ተከራየን። የአገሩ መንጃ ፈቃድ ያለው የእህቴ ባል ስለሆነ መሪውን ያዘ፤ እኔ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት ስወርድና ስወጣ የምውል ሰው ከጎን ተቀምጬ መንገዱን ሳጠና ሰነበትኩ።

አሠራሩ ግሩም ነው። የአዲስ አበባ አዳማን ፈጣን መንገድ የሚያውቅ፣ ሲገባ ካርድ ተቀብሎ ሲወጣ ቆሞ መክፈልን ለምዷል። ሳሊክ ላይ ማገጃም ገንዘብ ተቀባይም የለም። ከመንገዱ በላይ «በር» የሚሉት ብረት ተዘርግቷል፤ ፍጥነት ሳትቀንሱ በሥሩ ታልፋላችሁ፣ የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ስቲከር ትነበብና ከሂሳቡ ይቆረጣል። ልጄ «በሩ የቱ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ አልፈነው ነበር።

በ2007 እንደ ፈረንጆቹ ሲጀመር ጀምሮ አንድ በር 4 ድርሃም ነበር። ከጥር 2025 መጨረሻ ወዲህ ዋጋው በሰዓት ይለያያል፦ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት፣ እንዲሁም ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት 6 ድርሃም ነው። በሌላው ሰዓት 4፣ ከሌሊቱ 7 እስከ 12 ሰዓት ነፃ። እሑድ ቀኑን ሙሉ 4 ነው። ለመዝናናት የሄደ ሰው ቁርሱን ረጋ ብሎ በልቶ ከ4 ሰዓት በኋላ ቢወጣ ወጪውም መጨናነቁም ይቀልለታል።

ከሻርጃ በአል ኢትሃድ መንገድ ዱባይ ስትገቡ አል ማምዛር ላይ ሁለት በሮች አሉ። ሁለቱን በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካለፋችሁ የሚቆረጠው አንዴ ብቻ ነው፤ ይሄን በጣም ወድጄላቸዋለሁ። ጭራሽ መክፈል ያልፈለገ በሼክ ሙሐመድ ቢን ዛይድ መንገድ ዞሮ መሄድ ይችላል።

ያናደደኝ አከራዩ ድርጅት ነው። መኪናውን ስንመልስ ባለፍንበት በር ሁሉ ላይ የራሱን «የአገልግሎት» ክፍያ ደርቦ አመጣልን። ስንፈርም ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ውሉ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነው ያገኘነው። የእህቴ ባል «አብሽር፣ እዚህ የተለመደ ነው» አለኝ። ለእኔ ግን ልክ አይደለም። የመንገዱ ዋጋ በአደባባይ የታወቀ ሆኖ ሳለ መሃል የገባው ሲጨምርበት፣ እንግዳ የሚያማው መንገዱን ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት «በአንድ በር ስንት ታስከፍላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስትመልሱም የእያንዳንዱን በር ስምና ሰዓት የሚያሳይ ዝርዝር ተቀበሉ። አቡ ዳቢ ለመዝለቅ ያሰበ ደግሞ እዚያ ዳርብ የሚባል ሌላ ክፍያ ስላለ እሱንም ለብቻው ይጠይቅ፤ የሳሊክ ሂሳብ እዚያ አይሠራም።