የዋን ኔሽን አባልነት፦ የከፈለ ሁሉ አባል ነው?

የፓርቲ አባልነት ገንዘብ የሚከፈልበት አገልግሎት ነው፤ ስለዚህ እንደ ማንኛውም አገልግሎት ቢመዘን ነውር የለውም። እዚህ የሚመዘነው የአውስትራሊያው ሕዝበኛ ፓርቲ ዋን ኔሽን ነው። በሚያዝያ 1997 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኢፕስዊች ከተማ ሲመሠረት የመሪዋን ስም ፊት ለፊት ለጥፎ «የፖሊን ሀንሰን ዋን ኔሽን» ተባለ። ሀንሰን ፓርላማ ከመግባታቸው በፊት የዓሣና የድንች ጥብስ ቤት ነበራቸው። እዚያ ደንበኛው የከፈለበትን እያየ ተቀብሎ ይሄዳል። ፓርቲው ላይ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልሆነም።

ችግሩ ያለው ቅጹ ላይ ነው። ሰዉ ቅጽ ሞልቶ ሲከፍል ፓርቲ የገባ መስሎታል። በወረቀት ግን ሁለት አካል ነበር፤ አንዱ ፓርቲው ራሱ፣ ሌላው የሀንሰን የድጋፍ ንቅናቄ። ሥልጣኑ በሦስት ሰዎች እጅ ነበር፦ በሀንሰን፣ በዴቪድ ኦልድፊልድና በዴቪድ ኤትሪጅ። ኢፕስዊች ያለችበት የኩዊንስላንድ ክፍለ ግዛት ሕግ ደግሞ ፓርቲ ለመመዝገብ 500 መራጭ አባላት ይጠይቃል። ከ500 በላይ ስም የያዘ ዝርዝር ገባና በታኅሣሥ 1997 ምዝገባው ጸደቀ። በሰኔ 1998 በተደረገው የክፍለ ግዛቱ ምርጫ ፓርቲው 22.7 በመቶ ድምፅና ከ89 ወንበር 11 አገኘ። ከሕዝብ ገንዘብም ወደ 500,000 የአውስትራሊያ ዶላር ተከፈለው። እስከዚህ ድረስ አገልግሎቱ እንከን የለውም ቢባል ማንም አይከራከርም።

ከዚያ አንድ ያኮረፈ የቀድሞ ዕጩ ከሰሰ። በነሐሴ 1999 የኩዊንስላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሮዝሊን አትኪንሰን፣ የቀረበው ዝርዝር የንቅናቄው ደጋፊዎች እንጂ የፓርቲው አባላት አይደለም፣ ምዝገባው በማጭበርበር ወይም በማሳሳት የተገኘ ነው ብለው ወሰኑ። ገንዘቡ ይመለስ ተባለ። ሀንሰን ደጋፊዎቻቸውን አዋጡልኝ ብለው ለመኑና ከፈሉ። ደንበኛው፣ አባል አይደለህም በተባለበት ጉዳይ ሁለተኛ ጊዜ ኪሱን ገባ ማለት ነው።

ጠቡ ለምን በየጊዜው ፍርድ ቤት እንደሚደርስ ከዚህ ይገባል። ጉባኤ ጠርቶ መሪ የሚያወርድበት መንገድ የሌለው ሰው ወይ ጥሎ ይወጣል ወይ ጠበቃ ይይዛል። ከ11ዱ የምክር ቤት አባላት በሁለት ዓመት ውስጥ በዋን ኔሽን ስም የቀረ አልነበረም፤ ገሚሱ በግል ቆመ፣ ገሚሱ ሲቲ ካንትሪ አላያንስ የሚባል ሌላ ፓርቲ አቋቋመ። ከሦስቱ መሥራቾች አንዱ ኦልድፊልድም በ2000 ተባረሩና በኒው ሳውዝ ዌልስ የራሳቸውን ዋን ኔሽን ከፈቱ።

በነሐሴ 2003 ጉዳዩ ወደ ወንጀል ዞሮ ሀንሰንና ኤትሪጅ ሦስት ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። 11 ሳምንት ያህል ከታሰሩ በኋላ በኅዳር ወር ይግባኝ ሰሚው ችሎት ፍርዱን ሻረ። እዚህ ላይ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ችሎቱ የተመለከተው ያንኑ ወረቀት ነው፦ አመልካቹ የሞላው ቅጽ የማን ነው? ምን ውስጥ እገባለሁ ብሎ ሞላው? ማስረጃው ሰዎቹ የፓርቲው አባል ሆነዋል ወደሚለው ያደላል ተባለ። ያ ቅጽ በ1999 ምዝገባ አሰረዘ፣ በ2003 እስረኛ አስፈታ። አንድ አንቀጽ «አባል ማለት እገሌ ነው» ብሎ በግልጽ ቢጽፍ ኖሮ ሁለቱም አይመጡም ነበር።

በ2016 አራት ሴናተሮች ይዞ የተመለሰው ዋን ኔሽን ዕጩ ማጣራት ላይ አሁንም ደካማ ነው። ከአራቱ አንዱ ሮድ ከለተን ወንበራቸውን ያጡት በምርጫው ዕለት ገና ቅጣት ያልተወሰነበት የስርቆት ጥፋተኝነት ስለነበረባቸው ነው፤ የተሰረቀው የመኪና መጎተቻ ክሬን ቁልፍ ሲሆን ዋጋው 7.50 ዶላር ተብሏል። ሌላው ሴናተር ማልኮልም ሮበርትስ በ2017 የወደቁት በብሪታንያ ዜግነት ነው፤ የሌላ አገር ዜጋ እዚያ ፓርላማ መቀመጥ አይችልምና። ትቻለሁ ብለው ኢሜይል ልከው ነበር፤ ይህ ዜግነት ግን ቅጽ ተሞልቶ፣ ተከፍሎ፣ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ነው የሚለቀው። የሚያናድደው፣ የፓርቲው ሴናተር ተመራጭ ሄዘር ሂል በ1999 በዚሁ በብሪታንያ ዜግነት ወድቀው ነበር። ሮበርትስን የተኩት ፍሬዘር አኒንግ ደግሞ ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ዕለት ከፓርቲው ተለዩ።

እንዲህ ያለ ፓርቲ የሚገባ ሰው ሳይከፍል መተዳደሪያ ደንቡን ይጠይቅ። «አባል» የሚለውን ትርጉም፣ ማን እንደሚያባርርና ይግባኙ ለማን እንደሚቀርብ ይፈልግ። ደረሰኙ ላይ ያለው ስም ምርጫ ኮሚሽን ከመዘገበው ስም ጋር በፊደል መግጠሙንም ይይ። ካልገጠመ ገንዘቡን ኪሱ ይመልስ።

ከአምስት ኮከብ ሁለት፤ አንዱ ለ1998ቱ የምርጫ ውጤት፣ አንዱ ለይግባኝ ጠበቆቹ።