የዝንብ መምቻ፣ የካልሲ ኳስ፣ ሰኞ ማክሰኞ፦ ለኬጂ እንግሊዝኛ የትኛው ያዋጣል?

ለኬጂ ልጆች እንግሊዝኛ በጨዋታ ለማስተማር የሚገዙትም ሆኑ በእጅ የሚሠሩት ዕቃዎች ብዙ ናቸው፤ 50 ልጅ በዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆኖ በተቀመጠበት ክፍል ግን ሁሉም እኩል አይሠሩም። እዚህ የተመዘኑት በአንድ ጥያቄ ነው፦ በ15 ደቂቃ ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ ቃሉን ስንት ጊዜ ሰማ፣ ስንት ጊዜስ አፉን ከፍቶ ተናገረው? ሳቅና ጫጫታ ለብቻው ነጥብ አያሰጥም።

ልጆች ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱት የዝንብ መምቻውን ነው። 8 የሥዕል ካርድ ሰሌዳው ላይ በልጅ ቁመት ይለጠፋል። ሁለት ልጆች መምቻ ይዘው 2 ሜትር ያህል ርቀው ይቆማሉ። ቲቸር ‹ካው› ስትል የላሟን ሥዕል ቀድሞ የመታ ያሸንፋል። ስሌቱ ግን አያምርም፦ አንድ ዙር ከነመቀያየሩ 40 ሰከንድ ቢፈጅ በ15 ደቂቃ 22 ዙር ነው። 44 ልጆች አንድ አንድ ጊዜ ይመታሉ፤ 6ቱ ተራ ሳይደርሳቸው ደወል ይደወላል። ይባስ ብሎ አሸናፊው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ያሸንፋል። ስለዚህ ሕጉ ይቀየር፦ የመታው ልጅ ‹ኢት ኢዝ ኤ ካው› ካላለ ነጥብ የለም፤ የተቀመጡትም ቃሉን በሹክሹክታ ሦስት ጊዜ ይበሉ። በሹክሹክታ የሚባለው ለጎረቤት ክፍል ሲባል ነው። ወለሉ ሰፊ ከሆነ ካርዶቹን በአምስት ቦታ መሬት ላይ ዘርግቶ አሥር አሥር ልጅ ማሰለፍ ይሻላል፤ መምቻ ያልደረሰው በመዳፉ ይመታል።

ሁለት ነገር ይበላሻል። የጠመኔ አቧራ ባለበት ሰሌዳ ላይ ስኮች አይዝም፤ ሦስተኛው ምት ላይ ካርዶቹ መሬት ናቸው። ቀድሞ በእርጥብ ጨርቅ መወልወልና እስኪደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሌላው፣ ሁለቱ ልጆች ወደ አንድ ካርድ ሲሮጡ ግንባር ለግንባር ይጋጫሉ። ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት ከፍሎ ለእያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት 4 ካርድ መለጠፍ ግጭቱን ያስቀረዋል።

የሥዕል ካርዶቹን በተመለከተ፣ ከውጭ የሚመጡ ስብስቦች ለ‹አይ› የበረዶ ቤት፣ ለ‹ኤክስ› ደግሞ ልጁ አይቶት የማያውቅ የሙዚቃ መሣሪያ ይዘው ይመጣሉ። ልጁ በአማርኛም ስሙን የማያውቀው ነገር ስለሆነ ሁለት እንግዳ ነገር በአንዴ ይሸከማል። እነሱን አውጥቶ በ‹ኢንክ› እና በ‹ቦክስ› መተካት ነው። ከኤ5 ያነሰ ካርድ ከኋላ ዴስክ አይታይም። ኮፒ ቤት ላሚኔት የተደረገ ካርድ ዕድሜ አለው፤ በመስኮት ትይዩ ሲያዝ ግን ያብረቀርቅና ሥዕሉን ይደብቃል።

በየጎኑ ካርድ የሚያስገባ ኪስ ያለው ትልቁ ዳይስ አያዋጣም። ስድስት ቃል ብቻ ይይዛል፣ ኪሶቹ ከማዕዘናቸው ይቀደዳሉ፣ ዴስክ ሥር እየገባም ጊዜ ይበላል። ሙዚቃ ሲቆም ወንበር የሚሻሙበትም ጨዋታ ግፊያ እንጂ ቋንቋ የለውም።

ክፍል ውስጥ ምንም ዕቃ የማይጠይቀው ‹ሳይመን ሴይስ› (መሪው ‹ሳይመን እንዲህ ይላል› እያለ ሲያዝ ልጆቹ በአካላቸው የሚፈጽሙበት ጨዋታ) ከሁሉም ይበልጣል። ሳይመን ማን እንደሆነ ለማስረዳት ከመድከም ‹ቲቸር ሴይስ› ማለት ይቀላል፤ ቃሉን ልጆቹ ሲጠሩበት የሚውሉት ነው። በ5 ደቂቃ 15 ትእዛዝ ቢሰጥ 50ውም ልጅ 15 ጊዜ ሰምቶ 15 ጊዜ ይንቀሳቀሳል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ አሸር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያዳበሩት የማስተማሪያ ዘዴም መሠረቱ ይኸው ነው፦ ልጁ ከመናገሩ በፊት ሰምቶ በአካሉ ይመልሳል።

ችግሩ አጨዋወቱ ላይ ነው። ቲቸር አፍንጫዋን እየነካች ‹ታች ዩር ኖዝ› ካለች ልጆቹ የሚከተሉት ጆሯቸውን ሳይሆን ዓይናቸውን ነው። መጀመሪያ ሦስት ዙር አብሮ ማሳየት፣ ቀጥሎ እጅን ወደ ኋላ አጣምሮ በቃል ብቻ ማዘዝ፣ በመጨረሻ አፍ ‹ኖዝ› እያለ እጅ ጆሮ መንካት፤ ያኔ ማን እንደገባው ይለያል። በቀን ከሦስት አዲስ ትእዛዝ በላይ አይጨመርም። የተሳሳተውን ማስወጣት ደግሞ ትልቁ ጥፋት ነው፤ ልምምዱ በጣም የሚያስፈልገው ልጅ ቀድሞ ይወጣና ቁጭ ብሎ ያያል። የተሳሳተው በቦታው አንድ ጊዜ ዘሎ ጨዋታውን ይቀጥል። ‹ማውዝ› የአፍ መሆኑና ‹ማውስ› የአይጥ መሆኑም ተለይቶ መሰማት አለበት። ‹ዝ› ላይ ምላስ በጥርስ መካከል ወጣ ካላለ ሁለቱ አንድ ቃል ይሆናሉ፤ ልጆቹም አፋቸውን ከመንካት ይልቅ የአይጥ ካርድ ይፈልጋሉ።

ኳስ መግዛት አያስፈልግም። የካልሲ ኳስ ከላስቲኩ ይሻላል፤ አይነጥርም፣ መስኮት አይሰብርም። ክፍሉ ለሦስት ክብ፣ ለሦስት ኳስ ይከፈል። ኳሱ ሲወረወር ክቡ በሙሉ ‹ዋትስ ዩር ኔም?› ብሎ ይጠይቃል፣ የያዘው ብቻ ይመልሳል። ጥያቄውን ለወርዋሪው ብቻ ከተዉት ሌሎቹ ዝም ይላሉ።

ግቢ ካለ ሰኞ ማክሰኞን የሚያህል የለም። ጨዋታውን ልጆቹ ያውቁታል፣ ስሙም ራሱ ሳምንት ነው። ሰባት ሳጥን ይሠመርና ልጁ በአንድ እግሩ እየዘለለ ‹መንደይ፣ ቱስደይ› ይላል። እንደ መዝሙር ተያይዞ ሲባል ግን ያታልላል፤ ‹ሰርስደይ የቱ ነው?› ሲባል ከ‹መንደይ› ጀምሮ ካልቆጠረ አያገኘውም። ስለዚህ ቀኑን ቲቸር ትጥራ፣ ልጁ ጠጠሩን ቀጥታ እዚያ ሳጥን ላይ ይጣል፤ ሲመለስም ከ‹ሰንደይ› ወደ ኋላ ይቁጠር። በአንድ ሳጥን ረድፍ ከ6 ልጅ በላይ ሲሰለፍ ወረፋው ይረዝምና ጨዋታው አባሮሽ ይሆናል። ሲሚንቶ ላይ ጠመኔ ይበቃል። አፈር ላይ መስመሩ ቶሎ ስለሚጠፋ አመድ ነስንሶ ማስመር ይቻላል፤ ኖራ ግን ዓይን ስለሚጎዳ አይሞከርም።