ኒ-ኤንቲኤ አጋሮዝ፦ ለፕሮቲን ማጥሪያ ይሆናል?

6 ሂስቲዲን (የአሚኖ አሲድ ዓይነት) የተቀጠለበትን ፕሮቲን ከባክቴሪያ ጭማቂ ለይቶ ለማውጣት የኪያጀን ኩባንያ ኒ-ኤንቲኤ አጋሮዝ፣ ማለትም ኒኬል የተሸከሙ ጥቃቅን እንክብሎች (ሬዚን)፣ ዛሬም አስተማማኝ ነው። ኒኬል ካሉት 6 የመያያዣ ቦታዎች ኒኬሉን ከእንክብሉ ጋር የሚያስረው ኤንቲኤ 4ቱን ጨብጦ 2ቱን ለሂስቲዲን ይተዋል። አይዲኤ የሚባለው አማራጭ 3ቱን ብቻ ስለሚይዝ ኒኬሉ በቀላሉ እየታጠበ ይሄዳል።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግማሹ ፈሳሽ ነው፤ 1 ሚሊሊትር ሬዚን የፈለገ በደንብ አገላብጦ 2 ሚሊሊትር ይቅዳ። አምራቹ በ1 ሚሊሊትር ሬዚን እስከ 50 ሚሊግራም ፕሮቲን ይይዛል ይላል፤ ቁጥሩ ለሁሉም ፕሮቲን ግን አይሠራም። ሬዚን ማብዛትም አያዋጣም፤ ባዶ የቀረውን ቦታ ሂስቲዲን የሚበዛባቸው የባክቴሪያው ፕሮቲኖች ይሻሙበታል።

ፒኤች 8 እና 300 ሚሊሞላር ጨው ጥሩ መነሻ ነው። ኒኬሉን ከሂስቲዲን ጋር የሚሻማው ኢሚዳዞል ለማያያዝ 10፣ ለማጠብ 20፣ ለማውጣት 250 ሚሊሞላር ይሁን። ፒኤቹ ወደ 6 ከወረደ ሂስቲዲኑ ፕሮቶን ተቀብሎ ኒኬሉን ይለቃል፤ ፕሮቲኑ ካለፈው ፈሳሽ ጋር ወርዶ ከተገኘ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው።

የሬዚኑ ዋና ድክመት ኒኬሉን ነጥቆ የሚወስደውን ኢዲቲኤ የተባለ ኬሚካል አለመቻሉ ነው። የፕሮቲዬዝ (ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም) ማገጃ ሲገዛ ኢዲቲኤ የሌለበት ይመረጥ፤ ብዙ ሰው ይህን አያይም! ሰማያዊው ሬዚን ከነጣ ኒኬሉ ሄዷል፣ ቡናማ ከሆነ ደግሞ ዲቲቲ የተባለ ኬሚካል አግኝቶታል። የነጣውን በ100 ሚሊሞላር ኒኬል ሰልፌት መልሶ መሙላት ይቻላል፣ በጓንት። ማስቀመጫው 30 በመቶ ኤታኖል፣ ፍሪጅ ውስጥ፤ በረዶ ቤት ከገባ እንክብሎቹ ይጎዳሉ።