አርኢንቭ፣ ኮንዳ ወይስ ዶከር? ለመመረቂያ ጥናት የቱ ይመቻል

አርኢንቭ፣ ኮንዳና ዶከር የትንተና ኮዳችሁ በሌላ ኮምፒውተርም እንደዚያው እንዲሠራ የሚያግዙ ሶፍትዌሮች ናቸው። ሦስቱንም ተማሪ በነፃ ያገኛቸዋል። ኪስ የሚጎዳው የኢንተርኔት ጥቅሉ ነው። ድሬዳዋ ወይም ሐረር ሆናችሁ በሞባይል ዳታ የምትሠሩ ከሆነ ምርጫው እዚህ ላይ ይጀምራል።

ሥራቸው ኮዳችሁ የሚደገፍባቸውን ፓኬጆች (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸውን የፕሮግራም ክፍሎች) ከነቨርዥናቸው መመዝገብ ነው። ለምሳሌ የስታቲስቲክስ ቋንቋ የሆነውን አርን (R) የተጠቀመ ሰው «ትንተናው በአር ተሠርቷል» ብሎ ማለፍ አይበቃውም። አር 3.6.0 እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ፣ ዕጣ የሚያወጣው «ሳምፕል» የሚባለው ትእዛዝ አሠራሩ ተቀየረ። ኮዱ ያው፣ የሲድ ቁጥሩም (የዕጣው መነሻ ቁጥር) ያው፤ የሚወጣው ዕጣ ግን ሌላ ነው። ከሐረር ቀበሌዎች ቤተሰቦችን በዕጣ ለመረጠ የጤና ተማሪ ይሄ ቀላል ጣጣ አይደለም። አንዳቸው ከ3.6.0 በፊት የነበረውን አር ሌላቸው አዲሱን ከጫኑ፣ አማካሪው ኮዱን በራሱ ላፕቶፕ ሲያስኬደው ሌሎች ቤተሰቦች ይወጡለታል።

በአር ለሚሠራ ያለ ማመንታት አርኢንቭ እላለሁ። «ስናፕሾት» ስትሉት ፓኬጆቹን ከነቨርዥናቸው፣ የአርን ቨርዥንም ጨምሮ፣ በትንሽ የጽሑፍ ፋይል ይመዘግባል። ፋይሉ በቴሌግራም ይላካል፤ ተቀባዩ «ሪስቶር» ብሎ ይጭናል። አርን ራሱን ግን አይጭንላችሁም። ዊንዶውስ ላይ የቆየ ፓኬጅ ሲጫን ደግሞ አንዳንዴ አርቱልስ (ፓኬጁን ከምንጭ ኮዱ የሚገነባ መሣሪያ) ያስፈልጋል።

ለፓይተን ቋንቋ ኮንዳ ይሻላል፤ በተለይ በሐረማያ አካባቢ የእርሻ ካርታና የሳተላይት ምስል ለምትሠሩ። «ፒፕ ፍሪዝ» የሚባለው የተለመደ ትእዛዝ የፓይተን ፓኬጆችን እንጂ የፓይተኑን ቨርዥን አይጽፍም። ኮንዳ ፓይተኑንም፣ እንደ ጂዳል ያሉትን የካርታ ሶፍትዌሮችም ይይዛል። ችግሩ፣ ዊንዶውስ ላይ የወጣ ሙሉ ዝርዝር ሊኑክስ ላይ እምቢ ይላል። ራሳችሁ ጠይቃችሁ የጫናችሁትን ብቻ የሚጽፈውን «ፍሮም ሂስትሪ» ብትጨምሩበት ይቀላል፤ ያኔ ግን ስትጭኑ ቨርዥን ካልጠቀሳችሁ እሱም አይመዘግበውም። ኮንዳን ለመጫን ከሙሉው አናኮንዳ ይልቅ ሚኒፎርጅን ውሰዱ፤ ትንሽ ነው።

ዶከር ከሁሉም ይጠነክራል፤ ከሥር ያሉትን የሲስተም ፋይሎች ሁሉ ይጠቀልላል። አንዱ ኢሜጅ (ሁሉን የያዘው ጥቅል) ግን ጊጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ራሙ 4 ጂቢ ለሆነ ላፕቶፕ አልመክርም። የግድ ከሆነ ካምፓስ አውርዱና «ዶከር ሴቭ» ብላችሁ በፍላሽ ውሰዱት። የኢሜጁን ቨርዥን ትታችሁ «ሌተስት» (የቅርቡ) የሚለውን ብቻ መጻፍ እንዳልመዘገባችሁ ይቆጠራል።

መጥቀስ ደግሞ ለብቻው ሥራ ነው። አር ላይ «ሳይቴሽን» ስትሉ የፓኬጁን ማጣቀሻ አዘጋጅቶ ይሰጣችኋል። መቶ ፓኬጅ አትደርድሩ፤ ትንተናውን የሠሩትን ጥቀሱ፣ የቀረው በመዝገቡ ፋይል ይታያል። የራሳችሁን ኮድ ከነመዝገቡ ዜኖዶ (የምርምር ሥራዎች ማኅደር ድረ ገጽ) ላይ አስቀምጡ። ነፃ ነው፣ ዲኦአይም (ቋሚ የማጣቀሻ መለያ) ይሰጣል። አንዱ ዲኦአይ ለሁሉም ቨርዥኖች፣ ሌላው ለእያንዳንዱ ነው፤ ቴሲሳችሁ ላይ የሚገባው የተጠቀማችሁበት ቨርዥን ዲኦአይ ነው።