ለካፒቴናችን ምስጋና፦ በሳሮኒክ ደሴቶች የሸራ ጀልባ ሳምንት ለምታስቡ

በግሪክ ሳሮኒክ ባሕረ ሰላጤ ስድስት ጓደኛሞች ለአንድ ሳምንት በሸራ ጀልባ ከደሴት ደሴት ስንዞር የመራችንን ካፒቴን ለማመስገን ነው ይህን የምንጽፈው። ስሟንና ስልኳን አደባባይ አናወጣም፤ የሚፈልጋት በውስጥ መስመር ይጠይቀን። እዚህ የምንዘረዝረው ሥራዋን ነው። «ካፒቴን መቅጠር ትርፍ ወጪ ነው» የሚል ጓደኛ ካላችሁ አስነብቡት፤ ሌላ ካፒቴን የምትቀጥሩም መመዘኛ አድርጉት።

ከሁሉ አስቀድመን የምናመሰግናት ስለ ከለከለችን ነገር ነው። ካርታ ዘርግቶ የሚያቅድ ሰው ሁሉ ስፔትሴስ የተባለችውን ደሴት ይመኛል። ከአቴንስ አሊሞስ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) ተነስቶ አይጊና፣ ፖሮስ፣ ሃይድራ፣ ከዚያም ስፔትሴስ፦ መስመሩ ወደ ደቡብ እየወረደ ያምራል። እሷ ግን ጉዞውን የምታቅደው ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ እየቆጠረች ነው። የኪራይ ሳምንት የሚጀምረው ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ነው (ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው)፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ያልቃል። ጀልባው ግን አርብ ማታ ማሪናው ላይ ታስሮ ማደር አለበት። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው ስድስት ቀን ነው፤ ስድስተኛውም ለመመለሻ የተያዘ ነው። በዚያ ላይ በሐምሌና በነሐሴ የኤጅያን ባሕርን የሚገዛው መልቴሚ የተባለው ነፋስ የሚመጣው ከሰሜን ነው። ስትወርዱ ከኋላ ይገፋችኋል፤ ስትመለሱ ፊት ለፊት ይጋፈጣችኋል።

ሰው የሚታለለውም እዚሁ ላይ ነው። ነፋሱ 18 ኖት (በሰዓት 18 የባሕር ማይል) ቢሆንና ጀልባው በ6 ኖት ከነፋሱ ጋር አብሮ ቢወርድ፣ ሰውነታችሁ ላይ የሚሰማችሁ 12 ኖት ብቻ ነው። ቀኑ የሰከነ ይመስላል፤ ሰውም «ትንሽ እንጨምር» ይላል። ያው ነፋስ ፊታችሁን ስታዞሩበት ከ22 ኖት በላይ ሆኖ ይሰማችኋል፤ ማዕበሉም ከፊት ይደበድባል። የሸራ ጀልባ ደግሞ ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም፤ 45 ዲግሪ ያህል ዘወር እያለ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ መውጣት አለበት። ከፖሮስ እስከ አሊሞስ ቀጥታው 28 የባሕር ማይል ገደማ ነው፤ በዚህ አካሄድ ወደ 40 ይጠጋል። በ5 ኖት ስትሄዱ ስምንት ሰዓት ማለት ነው። ከስፔትሴስ ቢሆን ደግሞ አስቡት። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ማለት ይኼ ነው።

ስለዚህ የእሷ ሳምንት እንዲህ ነው። እሑድ ከአሊሞስ አይጊና፣ 16 ማይል ገደማ። ሰኞ ፓላያ ኤፒዳውሮስ፣ ወደ 14 ማይል፤ ከዚያ 15 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ገባ ብሎ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ጥንታዊ ቴአትር አለ። ማክሰኞ እሳተ ገሞራ የፈጠረውን የሜታና ልሳነ ምድር ዞሮ ፖሮስ፣ ከ20 ማይል በላይ። ረቡዕ ሃይድራ፣ 12 ማይል ገደማ፤ ከዚህ በታች አይወረድም። ሐሙስ ተመልሶ ፖሮስ ወይም አይጊና፤ አርብ አሊሞስ። ከሐሙስ እስከ አርብ ያለውን ትንበያ ከማክሰኞ ጀምራ ጠዋትና ማታ ታየዋለች፤ ከከፋ ሃይድራም ይሰረዛል። በአንድ ሳምንት ሚኮኖስንና ሳንቶሪኒን አሳዪኝ የሚላትን ደንበኛ አትቀበልም። ሳሮኒክ አቴንስ ያለችበት የአቲካ ምድር ከለላ ስለሚሆነው ሚኮኖስና ሳንቶሪኒ ካሉባቸው ከሳይክላዴስ ደሴቶች ይልቅ ለጀማሪ ይራራል፤ ሳይክላዴስ ግን መልቴሚው ያለ ከልካይ የሚያልፍበት ነው።

ጀልባውን መረከብ ሌላው ሥራዋ ነው። አከራዩ ቁልፍ ሰጥቶ ለመሄድ ይቸኩላል፤ እሷ አትቸኩልም። ሸራዎቹን እስከ መጨረሻው ዘርግታ ስፌታቸውን ታያለች፤ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ሸራ ቀዳዳውን ይደብቃልና። የሕይወት አድን ጃኬቶችን በሰው ልክ ታስሞክራለች። ሞተሩን አስነስታ ወደ ኋላ ትሄድና ከጭስ ማውጫው ውሃ እየተፋ መሆኑን ታረጋግጣለች። ውሃ ካልተፋ ወይ የባሕር ውሃ ማጣሪያው በሣር ተደፍኗል፣ ወይ ፓምፑ ውስጥ ያለችው ባለ ክንፍ ጎማ ተበልታለች፤ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። ትርፍ ጎማዋ ጀልባው ላይ መኖሯን ሳታይ ደረሰኝ አትፈርምም። ከወለሉ በታች ያለው ጉድጓድ ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥብ ከሆነ በጣቷ ትቀምሰዋለች። ጨው ካለው የባሕር ውሃ እየገባ ነው፤ ጨው ከሌለው የመጠጥ ውሃ ጋኑ ያፈሳል። እያንዳንዱን ጭረት ፎቶ ታነሳለች፤ የመያዣው ገንዘብ የሚቆረጠው በጭረት ነውና።

አሁን ወደ መልህቁ። በእኛ ፍርድ ጥሩ ካፒቴን የሚለየው ሸራ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው። በግሪክ ደሴቶች ወደብ ጀልባ የሚታሰረው በጎኑ ሳይሆን በኋላው ነው። ከወደቡ ግንብ ከሦስት እስከ አራት የጀልባ ቁመት ርቀት ላይ መልህቅ ይጣላል፤ ሰንሰለቱ እየተለቀቀ ጀልባው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከኋላ ሁለት ገመድ ይታሰራል፤ ከዚያ ሰንሰለቱ ከፊት ይወጠራል። የሚበላሸው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ሰው የጎን ነፋስ ስለሚፈራ መልህቁን ግንቡ አጠገብ ይጥለዋል፤ ሰንሰለቱ ያጥራል፤ ሌሊት ነፋስ ሲነሳ መልህቁ ይነቀልና ከኋላ ያለው የጀልባው መሪ ከግንቡ ጋር ይጋጫል። ወይም ሰንሰለቱን የሚለቀው ሰው በየሁለት ሜትሩ ይዞ ያቆማል፤ ያኔ ጀልባው ፊቱ ተይዞ ኋላው በነፋስ ይዞርና ጎረቤት ጀልባ ላይ ያርፋል። እሷ ከመግባቷ በፊት ወደቡ ውስጥ አንድ ዙር ትዞራለች፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሥራ ብቻ ትሰጣለች፦ አንዱ ሰንሰለት፣ ሁለቱ የኋላ ገመድ፣ አንዱ በእጁ የሚያንቀሳቅሰው የጎን መከላከያ ባሉን። መጀመሪያ የሚታሰረው ነፋስ በሚመጣበት በኩል ያለው ገመድ ነው። እጅና እግር በጀልባና በግንብ መካከል አይገባም፤ የተሰበረ ጀልባ ይጠገናል ትላለች።

በባሕር ዳርቻ ሰላጤ ውስጥ መልህቅ ስትጥል ደግሞ ቀለም ታያለች። ፈካ ያለው ሰማያዊ አሸዋ ነው፤ ጥቁር የሚመስለው ፖሲዶኒያ የተባለው የባሕር ሣር ነው። ሣሩ ላይ መልህቅ አይይዝም፣ ይንሸራተታል፤ ሣሩም በሕግ የተጠበቀ ነው። ጥልቀቱ 5 ሜትር ከሆነ ከውሃው እስከ ጀልባው አፍንጫ ያለውን 1 ሜትር ደምራ፣ ቢያንስ አምስት እጥፉን ማለትም 30 ሜትር ሰንሰለት ትለቃለች። ከዚያ ሞተሩን ወደ ኋላ ቀስ እያለች በደቂቃ እስከ 2000 ዙር ታደርስና በጎን በኩል ሁለት ነገር ታነጻጽራለች፤ ለምሳሌ አንድ ዛፍና ከበስተ ኋላው ያለ ቤት። ዛፉና ቤቱ ከተላለፉ መልህቁ እየሄደ ነው፤ ተነስቶ እንደገና ይጣላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና፣ አንዳንዴ ሦስቴ ትጥላለች፤ እራት ቢዘገይም።

ሃይድራ ላይ የሰንሰለት መጠላለፍ የዕለት እንጀራ ነው። ወደቡ ጠባብ ነው፤ ጀልባው ብዙ ነው። ደሴቱ ላይ መኪና ክልክል ስለሆነ ዕቃ የሚጓጓዘው በበቅሎና በአህያ ነው፤ ያ ጸጥታው ሰውን ሁሉ ይጠራዋል። ከቀትር በፊት ካልደረሳችሁ ቦታ አታገኙም። እሷ አማራጭ ትይዛለች፦ ትይዩ ባለው በኤርሚዮኒ አስራ በመንገደኛ ጀልባ ማሻገር። ጠዋት ስትነሳ የሌላ ሰው ሰንሰለት መልህቋ ላይ ተንጠልጥሎ ከወጣ አትጮህም። ገመድ በዚያ ሰንሰለት ሥር አሳልፋ ሁለቱንም ጫፍ ጀልባው ላይ ታስራለች፤ የራሷን መልህቅ አንድ ሜትር ዝቅ ታደርጋለች፤ ሰንሰለቱ ገመዱ ላይ ሲቀር ወደ ኋላ ፈቀቅ ትልና የገመዱን አንድ ጫፍ ትለቃለች። አለቀ። በእጁ ሊያላቅቅ የሚሞክር ሰው ጣቱን ያጣል።

የመልህቅ መጎተቻው ኤሌክትሪክ ሞተር ሰንሰለትን ለማንሳት እንጂ ጀልባን ለመጎተት አልተሠራም። ስለዚህ ዋናው ሞተር በርቶ ጀልባው ቀስ ብሎ ወደፊት ይሄዳል፤ መጎተቻው የላላውን ሰንሰለት ብቻ ይሰበስባል። ይህን የማያውቅ ሰው ፊውዙን ይጥላል፤ ከዚያ ማብሪያው የት እንዳለ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ከአንዱ መኝታ ክፍል አልጋ ሥር ነው፤ በርክክቡ ቀን ጠይቁ።

የነፋስ ኃይል የሚለካው ቦፎርት በተባለ የደረጃ መለኪያ ነው። 4 ማለት ከ11 እስከ 16 ኖት ነው፤ ለሸራ ደስ የሚል ነው። 6 ማለት ከ22 እስከ 27 ኖት ነው፤ 6 ሲሆን እሷ እንግዳ ይዛ ከወደብ አትወጣም። ትንበያው የሚነግራችሁ አማካዩን ነው፤ ከከፍታ ደሴቶች ጀርባ ከተራራው ተንከባሎ የሚወርደው ድንገተኛ ነፋስ ከዚያ በጣም ይበልጣል። መሪው እየከበደ ጀልባው ራሱ ወደ ነፋሱ መዞር ከጀመረና ከ20 ዲግሪ በላይ ካጋደለ፣ ሸራ በዝቷል ማለት ነው። እሷ እዚያ ደረጃ ሳይደርስ ታሳጥረዋለች። ሸራ ሲያጥር ጀልባው ቀጥ ይላል፤ ፍጥነቱ እምብዛም አይቀንስም። ከሸራው ሥር ያለው አግዳሚ ምሰሶ በሚሄድበት መስመር ላይ ቁጭ ብድግ የለም፤ ነፋስ ከኋላ ሲሆን ሳይታሰብ ከጎን ወደ ጎን ሊወረወር ይችላልና በገመድ ታስረዋለች።

የቤት ውስጥ ጣጣውን በአጭሩ። የውሃ ጋኑ 400 ወይም 500 ሊትር ቢሆን ሰባት ሰው ተጠንቅቆ ለሦስት ቀን ይጠቀምበታል፤ ጸጉር በየቀኑ ከታጠበ ለአንድ ቀን ተኩል። መጸዳጃው ውስጥ ወረቀት አይጣልም፤ ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ ይደፈናል፤ ከተደፈነ ሳምንቱን የሚያበላሸው እሱ ነው። ባትሪው 12.2 ቮልት ሲደርስ ግማሽ ያህሉ አልቋል፤ ትልቁ በላተኛ ማቀዝቀዣው ነው፤ ሌሊት ይጠፋል። የጋዝ ሲሊንደሩ ቫልቭ ከተበሰለ በኋላ ይዘጋል፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ከወለሉ በታች ይተኛል። ዕቃችሁን በለስላሳ ቦርሳ ያዙ፤ ጠንካራ ሻንጣ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ባሕር የሚያቅለሸልሸው ሰው ኪኒኑን ከመነሳቱ በፊት ይውሰድ፤ ማስታወክ ከተጀመረ በኋላ ሆድ ውስጥ አይረጋም። እሷ እንዲህ ያለውን ሰው መሪ ታስይዘዋለች፤ ዓይኑ አድማስ ላይ ስለሚሆን ቶሎ ይሻለዋል። መፍትሔ የሚመስለው ወደ ታች ወርዶ መተኛት ብዙ ጊዜ ያብሰዋል።

ለቅጥር፦ ካፒቴን ሳትቀጥሩ ራሳችሁ እንንዳ ካላችሁ፣ በግሪክ ሕግ አንዱ ሰው የታወቀ የጀልባ መንጃ ፈቃድ፣ ሌላ አንድ ሰው ደግሞ በጽሑፍ የተረጋገጠ ልምድ ሊኖረው ይገባል። ከቀጠራችሁ አንድ መኝታ ክፍል ለካፒቴኑ ይያዛል፤ አራት ክፍል ያለው ጀልባ ስድስት ጓደኛ ይይዛል ማለት ነው። የካፒቴኑ ምግብም በተለመደው አሠራር በእናንተ ላይ ነው። ሳሎን ወንበር ላይ የተኛ ካፒቴን በሌሊት መልህቅ ለማየት አይነሳም። ስታነጋግሩ «በስንት ኖት ነው ከወደብ የማትወጣው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቁጥር ከሌለው ሌላ ፈልጉ።

እንከን የላትም አንልም። ወሬ አትወድም። ወደብ ስትገባ ድምፅዋ ቆጣ ይላል፤ ለስሜተኛ ሰው ይከብዳል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሞተር አስነስታ የተኛውን ሁሉ ትቀሰቅሳለች፤ ከሰዓት በኋላ ከሚጠነክረው ነፋስ ቀድማ ለመግባት ነው።

እጅሽ ይባረክ፣ ውለታሽን አንረሳም። እሷን የምትፈልጉ፣ ለሐምሌና ለነሐሴ ከሆነ ቀድማችሁ ጠይቁን፤ በግንቦት መጨረሻ፣ በሰኔ መጀመሪያ ወይም በመስከረም ነፋሱም ወረፋውም ይቀላል። ስትጽፉላት ስንት ሰው መዋኘት እንደሚችልና ማን ባሕር እንደሚያመው ከወዲሁ ጻፉ፤ ስለ ደሴት ከማውራቷ በፊት የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።