በእጅ ለሚሰፋ የድሮ ዘመን ልብስ የቱ ይሻላል? ሊነን፣ ጥጥ፣ ሱፍ ወይስ ፖሊስተር

የምትወዱት የጌም ወይም የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ አለ እንበል። ካባ ደርቦ፣ ወገቡን ታጥቆ፣ የ14ኛውን ክፍለ ዘመን አውሮፓ በሚመስል አገር የሚዞር ዓይነት። ልብሱን ያለ ማሽን፣ በእጃችሁ ልትሰፉ ቆርጣችኋል። ጎሽ! ግን ምን ጨርቅ ይገዛ? ብዙ ሰው ፎቶውን አይቶ ቀለሙ የተመሳሰለለትን ያነሳል። እኔም መጀመሪያ ያደረግኩት እሱኑ ነው። አሁን ግን ቀለሙን ትቼ መጀመሪያ የምጠይቀው ጨርቁ ከመርፌ ጋር ይስማማል ወይ ብዬ ነው፤ ምክንያቱም አንድ እጀ ጠባብ በእጅ መስፋት አስራ አምስት ሃያ ሰዓት ይበላል፣ ያን ሁሉ ሰዓት ከጨርቁ ጋር የምትጨቃጨቁት ደግሞ እናንተው ናችሁ።

ከውስጥ ከሚለበሰው እንጀምር። እዚህ ፉክክሩ በሊነንና በጥጥ መሀል ነው። ሊነን፣ ያው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የተልባ እግር የሚባለው፣ ለእጅ ስፌት የተፈጠረ ነው የሚመስለኝ። ጠርዙን አጥፋችሁ በአውራ ጣት ጥፍር አንዴ ጫን ካላችሁት እጥፉ እዚያው ይቆያል፤ በየደቂቃው ካውያ ፍለጋ መነሳት የለም። ቀጥ አድርጎ መቁረጥም ቀላል ነው። ከጫፉ አንዲት ክር መዝዛችሁ ታወጣላችሁ፣ በሚቀረው ቀጭን መስመር ላይ መቀሱን ትነዳላችሁ፣ አለቀ። የዚያ ዘመን የውስጥ ልብስ በአብዛኛው አራት ማዕዘንና ሦስት ማዕዘን ቁርጥራጮችን በመገጣጠም የሚሠራ ስለሆነ ይቺ ዘዴ ብዙ ድካም ታስቀራለች። ጉዳቱስ? ይጨማደዳል፣ ጫፉ ይተረተራል፣ መጀመሪያ ሲታጠብ ደግሞ ይገባል። ስለዚህ ሳትቆርጡት እጠቡት። በካሬ ሜትር ከ130 እስከ 170 ግራም የሚመዝነው ለእጀ ጠባብ ጥሩ ነው።

ጥጥ ይረክሳል፣ ለማግኘትም አያስቸግርም። ሳሳ ብሎ የተሸመነው ከሆነ መርፌ በደንብ ይገባለታል። ለአንሶላ የሚሆነው ጥቅጥቅ ያለው ግን ጣት ያቆስላል፣ ከሁለት ድርብ በላይ ሲሆን ደግሞ መርፌውን በጥርስ መሳብ ያምራችኋል። (እባካችሁ እንዳታደርጉት።) እኔ ጥጥን የምገዛው ለመለማመጃ ነው። ዋናውን ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት ልኩን በርካሽ ጥጥ ሰፍቼ አየዋለሁ፤ ብብት ላይ ከጠበበ የሚበላሸው እሱ ይሁን።

ከላይ ወደሚለበሰው ስንመጣ ምርጫው ሱፍና ፖሊስተር ነው፣ እዚህ ጋ ደግሞ አላመነታም። ሱፍ። እ.ኤ.አ. በ1921 ግሪንላንድ ውስጥ ሄርዮልፍስነስ በሚባል ቦታ ከድሮ መቃብር የወጡ የመካከለኛው ዘመን ልብሶች አሉ፤ የሱፍ ናቸው። የዘመኑን አቆራረጥ ለመረዳት ዛሬም ብዙ ሰፊዎች እነሱን ነው የሚያዩት። ጎንና ጎን ላይ ረዣዥም ሦስት ማዕዘኖች እየገቡ ታቹ እንዴት ሰፊ እንደሚሆን እዚያ ላይ በግልጽ ይታያል። ሱፍ በሙቅ ውሃ ታሽቶ ጥጥር ካለ በኋላ ጫፉ አይተረተርም፣ ስለዚህ ውስጡን ሳትዘመዝሙ ብትተዉትም ይችላል። ስፌታችሁ ትንሽ ቢጣመም በእንፋሎት ስታሹት ይታረቃል። አንዳንዴም ክሩ ጨርቁ ውስጥ ሰምጦ ጨርሶ አይታይም፣ ይሄ ለጀማሪ ትልቅ ምሕረት ነው።

ክብደቱን ግን አስቡበት። 4 ሜትር ርዝመትና 1.5 ሜትር ወርድ ያለው ጨርቅ 6 ካሬ ሜትር ነው። በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝን ሱፍ ከሆነ 2.7 ኪሎ ትከሻችሁ ላይ ተሸከማችሁ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ የምትለብሱት ከሆነ 350 አካባቢ ያለውን ፈልጉ።

ፖሊስተር ፎቶ ላይ ያምራል፣ አይጨማደድም፣ ይረክሳል። በማሽን ለሚሰፋ ሰው እሺ። በእጅ ሲሆን ግን እጥፍ አይዝም፣ ከእጅ ያመልጣል፣ ሲለበስም ላቡን መልሶ ለባለቤቱ ነው የሚሰጠው። ከ250 ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ አለፍ ሲል ደግሞ ይቀልጣል፣ ቆዳ ላይም ይጣበቃል፤ በካባ እሳት ዳር ፎቶ ለመነሳት ያሰባችሁ ልብ በሉ። ሱፍ ቶሎ አይቀጣጠልም፣ አይቀልጥም።

አንዴ ንጹሕ ሊነን ነው ብለው የሸጡልኝን 3 ሜትር ቤት ወስጄ ካውያ ሳሳርፍበት አብረቀረቀና ተኮማተረ። ቅልቅል ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ሳላቃጥል አልቆርጥም። ቁራጯን በወረንጦ ይዤ፣ ሸክላ ሳህን ላይ ነው የማቃጥለው። ሊነንና ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳሉ፣ አመዳቸውም ልም ነው። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ የሚተወውን ጥቁር ነገር በጣት ስትጨፈልቁት ይደቃል። ፖሊስተር ግን እየቀለጠ ይንጠባጠብና ጠንካራ ዶቃ ይሆናል። ዶቃ ካያችሁ ሻጩ ምንም ቢል አትስሙት።

ሐር እና ቬልቬት? ለመጀመሪያ ሥራ ይቅርባችሁ። ሐር መርፌው የወጋውን ቀዳዳ ይዞ ይቀራል፣ ቬልቬት ደግሞ ሁለቱ ገጽ ሲገናኙ እየተንሸራተተ ስፌቱን ያጣምመዋል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ብቻ። ደማቅ ሰው ሠራሽ የወይን ጠጅ ቀለም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው። ከዚያ በፊት፣ በተፈጥሮ ቀለም፣ አረንጓዴ ለማግኘት ቢጫ ከነከሩ በኋላ ሰማያዊ ይደርቡበት ነበር፣ ወይም ተገላቢጦሹን። ስለዚህ ገጸ ባሕርይዋ አረንጓዴ ከለበሰች የሚጮኸውን ሳይሆን ትንሽ የደበዘዘውን ብትመርጡ ልብሱ የዘመኑን ይመስላል።

ክር ላይ ሰው ይዘናጋል። የሊነን ክር ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ሻካራ ስለሆነ ሰም ይፈልጋል። ሁለት ሦስቴ የንብ ሰም ላይ ጎተት ጎተት አድርጋችሁ በጣታችሁ ስታሹት ይለሰልሳል፣ መቋጠሩንም ይተዋል። የሐር ክር ሱፍ ውስጥ እንደ ቅቤ ይገባል፣ ትንሽ ይሳባል፣ ግን ውድ ነው። የጥጥ ክር ለጊዜያዊ ስፌት ይበቃል። የፖሊስተር ክር አይበጠስም፤ ጣጣው ስፌቱ ሲሳብ ከክሩ በፊት ጨርቁ ሊቀደድ መቻሉ ነው፣ ጨርቅ ከመጠገን ደግሞ ስፌት መድገም ይሻላል። የቱንም ብትገዙ ከክንድ በላይ አታርዝሙት፣ 50 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

መርፌ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። ለሊነን 9 ወይም 10፣ ለሱፍ 7 ወይም 8 ውሰዱ። ረጅሙ መርፌ ገባ ወጣ እያለ ወደ ፊት ለሚሄድ ስፌት ይፈጥናል፤ አጭሩ ደግሞ ወደ ኋላ እየተመለሱ ለሚሰፉት ደቃቃና ጠንካራ ስፌት ይመቻል።

ገንዘብ ካጠረ ከሊነኑ ላይ አትቆጥቡ፣ ገላ የሚነካው እሱ ነው። ካባውን ከአሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ ማውጣት ይቻላል፣ የእኔም እንደዚያ ነው የተሠራው። ኮፍያው ውስጥ ያለው ስፌት ግን ፖሊስተር ክር ነው፤ ካባውን ልለብስ አንድ ማታ ሲቀረኝ የሊነኑ ክር አለቀብኝ። እስካሁን ማንም አላየውም።